ጡረተኛው አያጠቃም

ማክሰኞ 3

ይህ ደብተር የጂኦግራፊ ነበር። መምህሯ ለወሊድ ከወጣች ወዲህ ተተኪ ስላልመጣ ተራሮቹም ወንዞቹም ሦስተኛው ገጽ ላይ ቆመው ቀርተዋል። ከአራተኛው ጀምሮ የእኔ ነው። ያለ ፈቃዴ ያነበበ ዐይኑ ይጥፋ። (አክስቴ፣ አንቺን ነው።)

ዛሬ አያቴ ወደቀ።

ከመታጠቢያ ቤት ወደ ሳሎን ሲመጣ፣ ኮሪደሩ ላይ። ጭንቅላቱን የጫማ መደርደሪያው ጠርዝ መታው። እኔ ሶፋው ላይ ውጊያ መሃል ነበርኩ፤ የጌም መጫወቻውን ወርውሬ ሮጥኩ። ገና ከወለሉ ሳይነሣ፣ ምንም ሳልጠይቀው፣ «እግሬ ነው ያዳለጠኝ» አለኝ። ከቀኝ ጆሮው በላይ የግማሽ እንቁላል ያህል እብጠት ወጣ።

«በረዶ አምጪ። ደግሞ ለአክስትሽ ትንፍሽ እንዳትዪ።»

«ለእማዬስ?»

«እናትሽ ጠዋት የሰማችውን አክስትሽ ምሳ ሳትበላ ትሰማዋለች። ሆድ ይፍጀው።»

ምክንያት አለው። ባለፈው ወር ምድጃውን ሳያጠፋ ተኝቶ ድስቱ ከስሎ ተገኘ። አክስቴ ባንክ ቤት ነው የምትሠራው፤ ሰላምታ እንኳ የምትሰጠው በሁለት ቅጂ ነው። ያን ቀን ጠረጴዛው ላይ አንድ ቅጽ አስቀመጠችና «አባዬ፣ ከእንግዲህ አንድ ጊዜ ብቻ! አንድ ጊዜ ከወደቅህ ወይም ከጠፋህ የአረጋውያን ማዕከል ነው» አለችው። አያቴ ቅጹን አየውና «ፎቶዬ የት ጋ ነው የሚለጠፈው?» ብሎ ቀለደ። ቅጹን ግን ጽሑፉን ወደ ታች ገልብጦ አስቀመጠው።

ስለዚህ አልወደቀም። እኔም አላየሁም።

በነገራችን ላይ የመጫወቻዬን ቻርጀር ከኮሪደሩ ሶኬት ነቅዬ ወደ መኝታ ክፍሌ ወስጄዋለሁ። እዚያ ይሻላል። ሌላ ምክንያት የለውም።

ዓርብ 6

እብጠቱ ጎደለ። ኮፍያ አድርጎ ይውላል። እማዬ «በቤት ውስጥ ኮፍያ?» ስትለው «ራሰ በራ ሆነሽ እዪው» አላት። ሳቀች። የምትሠራው የሆቴል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ነው፤ ቀኑን ሙሉ አንሶላ ስታጥፍ ትውልና ቤት ስትመጣ እሷ ራሷ አራት ቦታ ታጥፋ ትቀመጣለች። አባቴ የረጅም መንገድ ሹፌር ነው፤ የሚኖረው ስልክ ውስጥ ነው።

ከአምስት ሳምንት በኋላ የትምህርት ቤቶች ውድድር አለ። ተመዝግቤያለሁ።

ጨዋታውን ለማታውቁ የወደፊት ታሪክ ጸሐፊዎች፦ እያንዳንዱ ተጫዋች ሦስት ፍጡራን ይዞ ይቀርባል። ተራ በተራ ይመታታሉ። ጉልበቱ ያለቀ ይወድቃል። ሃያ ደቂቃ ከሞላ ጨዋታው ይቆምና ብዙ ጉልበት የተረፈው ያሸንፋል። ሁሉም ሰው የሚይዘው ነበልባል ጭልፊትን ነው፤ ሁለት ምት፣ አመድ፣ ደህና ሁን። እኔ የምይዘው ማንም ዞር ብሎ የማያየውን፣ የድንጋይ ቅርፊት የተሸከመ ቀንድ አውጣ ነው። ስሙን «ጡረተኛው» አልኩት። ለምን እንደሆነ አያቴን ያየ ያውቃል፦ በፍጥነት ከሁሉም የመጨረሻ ነው፣ ጀርባው ጠንካራ ነው፣ ከተቀመጠበት አይነሣም፣ አንድም የማጥቂያ ምት የለውም። የሚችለው ሦስት ነገር ነው። ይመርዛል፤ መርዙ መጀመሪያ አይታወቅም፣ በየተራው ትንሽ ትንሽ ይበላል። ያገግማል። ጋሻ ያነሣል፤ ጋሻው በተነሣበት ተራ ምንም ነገር አይነካውም። ግን ጋሻን አከታትለው ካነሡት ሁለተኛው የሚሠራው ከሦስት አንዴ ነው። ሦስተኛው ከዘጠኝ አንዴ። አራተኛውን የሚሞክር ሞኝ ብቻ ነው።

አያቴ አጠገቤ ተቀምጦ ሲያይ ቆየና ቀንድ አውጣውን በጣቱ ነካ አደረገው። «ይሄ ልጅ በረኛ ነው» አለ።

አለቀልኝ። ወደ ፔናልቲዋ ገባን። ሁለት መቶ አሥራ አራተኛ ጊዜ (እቆጥራለሁ)፦ እሱ የሲሚንቶ ፋብሪካው ቡድን በረኛ፤ የዋንጫ ጨዋታ፤ ሳጥን ውስጥ ግርግር፤ ከኛ ተከላካዮች አንዱ አጥቂውን ጠልፎ ጣለው፤ ፔናልቲ። አያቴ ወደ ቀኝ ዘሎ በአንድ እጁ አወጣት። ከጨዋታው በኋላ አሠልጣኙ «ማነው የጠለፈው?» ብሎ አፈጠጠበት። «አላየሁም» አለው።

«አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነበርኩ እኮ!» ይላል ሁልጊዜ፣ ጉልበቱን እየመታ። «በረኛ ተከላካዩን አይከስም።»

ረቡዕ 11

የክበብ ቀን። መምህራችን ክበቡን የሚመራው የኮምፒውተር ክፍሉ ቁልፍ እሱ ጋ ስላለ ብቻ ነው። ድምፅ የሌለው ጨዋታ በፊሽካ ያስጀምራል።

ጭልፊት ከሚሉት የክፍሌ ልጅ ጋር ደረሰኝ። (ስሙን ከፍጡሩ ነው ያገኘው፤ አፍንጫውም አግዞታል።) አሥራ ስምንት ደቂቃ ፈጀብን።

«አንቺ ጋር መጫወት እኮ የሐኪም ቤት ወረፋ መጠበቅ ነው!»

«ቁጥርህ እስኪጠራ አርፈህ ቁጭ በል።»

አሸነፍኩ። መምህሩ መጥቶ «ልጄ፣ ማጥቃት የሚባል ነገርም አለ» አለኝ። እሱ ራሱ ደመወዝ ጭማሪ ለመጠየቅ ሰባት ዓመት ያቅማማ ሰው ነው።

አያቴ ጠዋት ጠዋት ራሱን ያመዋል። «የአየሩ ነው» ይላል። አየሩ ምንም አልሆነም።

እሑድ 15

አክስቴ መጣች። ጫማዋን ሳታወልቅ ኮሪደሩን መረመረችና «ገመድሽን አነሣሽ? ተመስገን! ስንቴ ተናግሬ!» አለችኝ። እኔ «ሾርባው ጨው አላነሰውም?» አልኳት። ሾርባው ገና አልቀረበም ነበር።

ምሳ ላይ የአያቴ ብርጭቆ ከግራ እጁ ወደቀ። ሲወድቅ ዝም ብሎ ያየዋል፣ የሌላ ሰው እጅ ይመስል። አክስቴ አፏን ስትከፍት ቀደምኳት፦ «እኔ ነኝ በክርኔ የነካሁት።»

«ከቀንድ አውጣሽ ቀና ብለሽ ብታዪ ይህ አይመጣም ነበር።»

አያቴ ከጠረጴዛው ሥር ጉልበቴን መታ መታ አደረገኝ። ምስጋና ነው። ጋሻ አንድ።

ሐሙስ 19

አውቶቡስ ላይ ነው የምጽፈው፤ ፊደሌ ይዘላል።

አያቴን ሸሚዙን አንድ ቁልፍ ዘልሎ ቆልፎ አገኘሁት። አስተካከልኩለት። የግራ ነጠላ ጫማው አዲስ ድምፅ አውጥቷል፦ ጠብ፣ ሸርተት፣ ጠብ፣ ሸርተት። «ጡረተኛው፣ ፍጥነትህ ወርዷል» ስለው «ወትሮስ መቼ ነበረኝ» አለ።

ፔናልቲዋ፣ ሁለት መቶ ሃያኛ። ዛሬ ወደ ግራ ዘለለ። «ወደ ቀኝ ነበር እኮ» ስለው ቆጣ አለ፦ «አንቺ ነበርሽ ግቡ ውስጥ?»

ሰኞ 23

ቸኩያለሁ። ትምህርት ቤት ሊደወል ነው።

የአያቴ ሱሪ ረጥቦ አገኘሁት። አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሎ ግድግዳ ያያል። ሱሪውን አጠብኩት። አሰጣሁት። እማዬ ስታይ «ሻይ ደፋሁበት» አልኩ። ጋሻ ሁለት። «በሰኞ ጠዋት? አንቺ እኮ ሻይ አትጠጪም» አለች። «ልለምድ ብዬ ነው።» ጋሻ ሦስት።

ከዘጠኝ አንዴ ነው የሚሠራው። ሠራ።

ቅዳሜ 28

ከወጥ ቤቱ በር ጀርባ ቆሜ ሰማሁ። (አዳምጬ አይደለም። ውኃ ልጠጣ ነበር። ለሩብ ሰዓት።) እማዬ ከአክስቴ ጋር በስልክ፦

«ደክሞታል... አይ፣ ሌላ ምንም የለም፤ አርጅቷል፣ ምን ይደረግ... እሷ ትጠብቀዋለች እንጂ! አንድ ነገር ቢኖር ትነግረኝ ነበር።»

ከዚያ ወጣችና እጇን ፎጣው ላይ እያደረቀች ፊት ለፊት ጠየቀችኝ።

«እኔ ሥራ ላይ ስሆን አባዬ ደህና ነው የሚውለው?»

«ደህና ነው።»

«ንገሪኝ እኮ፣ ልጄ።»

«አልኩሽ እኮ፣ ደህና ነው! ከኔ በላይ ይበላል።»

ዐይኔን በጨው አጥቤ። ስንተኛው እንደሆነ መቁጠር ትቻለሁ። ከማሸነፊያው ስልት አንዱ ይኸው ነው፤ ጋሻው እንደሚሠራ አምነህ ነው የምታነሣው።

ከውድድሩ በኋላ እነግራታለሁ። ወስኛለሁ። እስከዚያ እሱም ይሻለው ይሆናል። ከተሻለው ደግሞ ምን እነግራታለሁ? ያለፈ ነገር። ቅጹ መሳቢያው ውስጥ ነው፤ አይቼዋለሁ፤ የአያቴ ስም በአክስቴ የባንክ ፊደል ተሞልቷል። ቀኑ ብቻ ነው ባዶ የቀረው።

ማክሰኞ 1

አዲስ ወር። ጠዋት ሻይ ሳቀብለው በእማዬ ስም ጠራኝ። «ፀጉርሽን ማን እንዲህ ቆረጠሽ?» አለ። ቀልዱን ነው። ድሮም ሰው ሲያሾፍ ፊቱ አይስቅም።

ቀልዱን ነው።

ቅዳሜ 5

ልምምድ፣ ቤት፣ ከአያቴ ጋር። አራት ውጊያ፣ አራት ድል፣ ሁሉም በሰዓት። ነበልባል ጭልፊትን መርዝ እንደማይዘው አረጋገጥኩ፤ እሳቱ ያቃጥለዋል። ስለዚህ ጭልፊት ሲገጥመኝ መንገዱ አንድ ነው፦ በጉልበት ትንሽ መብለጥ፣ ከዚያ ማገገም፣ ጋሻ፣ ማገገም፣ ጋሻ፣ ሃያው ደቂቃ እስኪሞላ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፣ ይላል አያቴ። እንቁላሉ የት ሊሄድ እንደሆነ ግን ነግሮኝ አያውቅም።

ዛሬ ይህን አላለም። ስክሪኑን ሲያይ ቆየና «ይሄ ምን ሆኖ ነው የማይንቀሳቀሰው?» አለ።

«ጡረተኛው ነው እኮ፣ አባባ። በረኛው።»

«በረኛው...» አለ። ከዚያ ፔናልቲዋ መጣች፤ ሳልጠይቀው፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ። ሁለት መቶ ሠላሳ አንደኛ። «ገባችብኝ» አለ። «በእጄ ሥር አለፈች። ሰው ሁሉ እያየኝ።» እንባው አገጩ ላይ ሲደርስ በቀኝ እጁ ጠረገው። የግራው ጭኑ ላይ እንደተኛ ነው።

«አላስገባህም! ወደ ቀኝ ዘለህ አወጣሃት! ሁለት መቶ ጊዜ ነግረኸኛል!»

«አንቺ ደግ ልጅ ነሽ» አለኝ፤ ሰው ለማያውቀው ሰው እንደሚለው።

ረቡዕ 9

ውድድሩ ቅዳሜ ነው። እማዬ ቅዳሜ ቀን ትገባለች፤ አክስቴም ስብሰባ አላት።

«አንቺ ትጠብቂዋለሽ፣ አይደል?»

«አዎ።» ውድድር አለኝ ብላት ከሥራ ልትቀር ነው። ከቀረች ደግሞ ቀኑን ሙሉ ታየዋለች።

ይዤው እሄዳለሁ። አዳራሽ ውስጥ ወንበር አለ። ይቀመጣል። ቁጭ ማለት ከማንም ይበልጣል።

እሑድ 13

ሆስፒታል፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ኮሪደር። ጠዋት ነው። የትናንቱን እንደሆነው እጽፋለሁ። ቀልድ ካመለጠኝ እሰርዘዋለሁ።

አዳራሹ የሌላ ትምህርት ቤት የስፖርት አዳራሽ ነው። አያቴን ሁለተኛው ረድፍ ላይ አስቀመጥኩት፤ ጃኬቱን ቆለፍኩለት፣ ብስኩት ሰጠሁት። ዳኛው የእኛው የክበብ መምህር፣ ፊሽካው አንገቱ ላይ። የመጀመሪያውን ዙር አሸነፍኩ። ሁለተኛውንም። ዞር ባልኩ ቁጥር አያቴ ብስኩቱን እንደያዘ ነው፤ አልነከሰውም።

ፍጻሜው ከጭልፊት ጋር ሆነ።

በአምስተኛው ደቂቃ እሱ ነበልባል ጭልፊት ብቻ ቀረው። እኔ ጡረተኛውና አንዲት የምታጠቃ ጎሽ ቀርተውኛል፤ በጉልበት እበልጣለሁ። ያን ጊዜ አያቴ ተነሥቶ ከኋላዬ መጣ።

«ልጄ፣ ራሴን... እንሂድ።»

«አባባ፣ አምስት ደቂቃ። ተቀመጥ።»

«እንሂድ።»

«አምስት ደቂቃ አልኩህ እኮ!»

መምህሩ ፊሽካ ነፋ። «ታዳሚ ከተጫዋች ጋር አይነጋገር! አባት፣ ይቀመጡ!» አያቴ ተመለሰ። ጠብ፣ ሸርተት።

አምስት ደቂቃ እንደማይሆን አውቅ ነበር። ጎሿን አውጥቼ ብመታ በሁለት ተራ ያልቃል፤ ወይ እወድቃለሁ፣ ወይ እጥላለሁ። ግማሽ በግማሽ። ሌላ ሰው ቢሆን ይመታ ነበር። እኔ ጋሻ አነሣሁ። ማገገም። ጋሻ። ማገገም። ጭልፊት «ኧረ ግደይኝና ልረፍ!» እያለ ይጮኻል፣ ሰው ይስቃል፣ እኔም ስቄያለሁ። አሥራ አምስት ደቂቃ። አንዴም አልዞርኩም።

ሰዓቱ ሞላ። አሸነፍኩ። በአንድ ስንዝር ጉልበት።

ወንበሩ ባዶ ነበር። ብስኩቱ ወንበሩ ላይ። ከሥሩ የግራ እግር ጫማው ብቻ።

መጸዳጃ ቤት፣ በሩ፣ መንገዱ፣ እንደገና መጸዳጃ ቤት። ጭልፊትም አብሮኝ ሮጠ። ከአዳራሹ ጀርባ ሜዳ አለ። ግቡ ውስጥ፣ ቋሚውን ተደግፎ፣ መሬት ላይ ተቀምጧል። ደረቱ ላይ አስታውኳል። ሁለት ትንንሽ ልጆች ኳስ ይዘው ፈንጠር ብለው ቆመዋል።

«በረኛ ልሁን ብለው ገቡ» አለ አንደኛው። «እኛም እሺ አልን። ከዚያ ቁጭ አሉ።»

«አግብተንባቸው አይደለም» አለ ሌላው ቶሎ ብሎ። «አልመታንም።»

አባባ ስለው አየኝ። አፉ ግማሹ ብቻ ነው የተንቀሳቀሰው።

እሑድ 13፣ ከሰዓት

እናቴ ከነሥራ ልብሷ መጣች፣ አክስቴ ከስብሰባው። ዶክተሯ ወጣት ናት፣ እስክሪብቶዋን ፀጉሯ ውስጥ ሰክታ ትረሳዋለች። የጭንቅላቱን ምስል አሳየችን፦ ከራስ ቅሉ በታች ጠቆር ያለ ማጭድ የመሰለ ነገር፣ አንጎሉን ወደ ጎን የገፋው። ደም ነው አለች። ቀስ ብሎ፣ ጠብ እያለ የተጠራቀመ።

«ወድቀው ነበር? ጭንቅላታቸውን ተመተው?»

«በጭራሽ» አለች አክስቴ። «ቢወድቅማ እናውቅ ነበር።»

«ደም ማቅጠኛ ነው የሚወስዱት። ትንሽ ምት ይበቃል። ያስታውሱ፣ ምናልባት ከሳምንታት በፊት? አዲሱን ደም ከአሮጌው መለየት አለብኝ። ምልክቶቹስ መቼ ጀመሩ?»

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። «ልጄ?»

አንገቴን ግራ ቀኝ ነቀነቅኩ።

የመጨረሻው ነበር። እንዴት እንዳነሣሁት አላውቅም፤ አንገቴ በራሱ ነው የተንቀሳቀሰው። ዶክተሯ «እሺ» ብላ ሄደች። በሩ ተዘጋ። በሩ ላይ ያለውን መያዣ ስንት ብሎን እንደያዘው ቆጠርኩ። አራት።

ከዚያ ቦርሳዬን ከፍቼ ይህን ደብተር አወጣሁና ሮጥኩ። ዶክተሯን ሊፍቱ ጋ ደረስኩባት። አራተኛውን ገጽ ገልጬ ሰጠኋት። ቆማ አነበበች። ገለጠች። እንደገና ገለጠች። ሊፍቱ ተከፍቶ ተዘጋ።

«ሠላሳ ዘጠኝ ቀን» አለች። «ብርጭቆው በአሥራ ሁለተኛው ቀን... የግራ እግር በአሥራ ስድስተኛው... ይህን የጻፍሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ።»

«ሁሉም እዚህ አለ» አለች፤ ቁጣም አይደለም፣ ሙገሳም አይደለም። «ሁሉንም አይተሻል።»

እማዬ ከኋላዬ ቆማ ነበር። ደብተሩን ከዶክተሯ እጅ ተቀበለች። የተከፈተው ገጽ ላይ «ልለምድ ብዬ ነው» የሚለው ነበር። እስከ መጨረሻው አነበበችው። ዐይኗ አልጠፋም። ብቻ ዘግታ መለሰችልኝና እጇን ልብሷ ላይ ጠረገች።

ሐሙስ 17

ቀዶ ጥገናው ተደርጓል። ደሙ ወጣ። ይተነፍሳል፣ ይበላል፣ እማዬን ያውቃታል። የግራ እጁ ግን አልተመለሰም። ቃላቱም አንድ አንድ ብለው ነው የሚመጡት፣ ረጅም ወረፋ እንደቆሙ። ዶክተሯ «በመጀመሪያው ሳምንት ቢመጡ ኖሮ» ብላ ጀመረችና ፊቴን አይታ አልጨረሰችውም። መጨረሱ ይሻል ነበር።

እማዬ ታናግረኛለች። «ብዪ»፣ «ተኚ»፣ «በሩን ዝጊ።»

አክስቴ ዛሬ መኪናዋ ውስጥ አስቀመጠችኝ። ስድብ ስጠብቅ መሪውን ይዛ አለቀሰች። አክስቴ! በአንድ ቅጂ ብቻ፣ ሳትፈርምበት።

«ቅጹን እኮ ከኢንተርኔት ነው ያተምኩት። ማዕከሉን ደውዬ እንኳ አላውቅም። ፈርቶ ምርኩዙን እንዲይዝ ብዬ ነው። ማስፈራሪያ ነበር፣ ልጄ። ብቻ ማስፈራሪያ።»

አርባ ቀን ሙሉ ያልመጣ ምት ስከላከል ነበር። የመጣውን ደግሞ አያቴ ጉልበቴን መታ መታ ሲያደርገኝ አሳለፍኩት።

የየውድድሩ አሸናፊዎች የሚገናኙበት ዙር ቅዳሜ ነው። አልሄድም። መጫወቻውን ለአንድ ደቂቃ ከፈትኩት፤ ጡረተኛው እዚያው ነው። ጉልበቱ ሙሉ። ምንም አልሆነም።

ቅዳሜ 26

አያቴ ዛሬ ማዕከሉ ገባ። በእውነት። ሃያ አራት ሰዓት የሚያገላብጠው ሰው ያስፈልገዋል፤ እማዬ ሥራ አላት፣ እኔ ደግሞ አልታመንም። (እንዲህ ብሎ የተናገረ የለም።) አክስቴ የባዶውን ቀን ቦታ ሞላች። ፎቶው በቀኝ በኩል ከላይ ነው የሚለጠፈው።

ክፍሉ ሁለት አልጋ፣ አንድ መስኮት፣ ግድግዳው ላይ ሁለቱንም ጎን የያዘ መደገፊያ ብረት። ኮሪደሩ ላይ አንድም ገመድ የለም። እማዬና አክስቴ ከኃላፊዋ ጋር ሊነጋገሩ ወጡ። አጠገቡ ተቀመጥኩ። የደከመ እጁን ያዝኩት፤ ሞቃት ነው፤ ከባድ ነው።

ሁለት መቶ ሠላሳ ሁለተኛውን እኔ ነገርኩት። ፋብሪካው፣ ዋንጫው፣ ሳጥን ውስጥ ግርግሩ፣ ወደ ቀኝ፣ በአንድ እጅ። ዐይኑን ጨፍኖ ሰማ። «አወጣሃት» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ።

ከዚያ በዚህ ደብተር ውስጥ ያልጻፍኩትን ነገርኩት። ዶክተሯም እማዬም ያላነበቡትን። የቻርጀሬ ገመድ ከኮሪደሩ ሶኬት እስከ ሶፋው ተወጥሮ ነበር። ሲወድቅ ልደርስለት ስሮጥ ነጠላ ጫማው ላይ ተጠምጥሞ አየሁት። በረዶ ሳላመጣ በፊት ገመዱን ነው የፈታሁት።

«አባባ፣ እግርህ አይደለም ያዳለጠህ። ጠልፌ የጣልኩህ እኔ ነኝ።»

ያልሰማኝ መሰለኝ። ከዚያ ደህናው የአፉ ጥግ ከፍ አለ፤ ቃሉ ከወረፋው ተነሥቶ መጣ፣ ፊደል በፊደል።

«አላ... የሁም።»

ኮሪደሩ ላይ የእማዬ ጫማ ሲመጣ ተሰማ። በቀኝ እጁ ጉልበቴን መታ መታ አደረገኝ፤ ዝም በዪ ማለቱ ነው።

አሁን ወጥ ቤት ውስጥ ነኝ። እማዬ ከማዕከሉ በቀጥታ ሥራ ገብታ ነበር፤ አሁን ልትደርስ ነው። ደብተሩን እዚህ ገጽ ላይ ገልጬ፣ ከሻይ ማንቆርቆሪያው አጠገብ፣ ሁልጊዜ ቦርሳዋን በምታስቀምጥበት ቦታ እተወዋለሁ። ወደ ክፍሌ አልሄድም። ወንበሩ ላይ እቀመጣለሁ።

እማዬ፣ ገመዱ የኔ ነበር።